እርሱ በር ያንኳኳል፤ እኛ ግን ሰብረን እንገባለን

የዛሬው ጽሑፍ የሚያስደስት አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚከሰውም እኔን ነው።

ከዓመታት በፊት እዚህ ጉንችሬ በተደረገ አንድ ጉባኤ ላይ ቀራጩ እኔ ነበርኩ። «ሚዲያ ክፍል» ይባል እንጂ አንድ ስልክ፣ አንድ የስልክ ማቆሚያና እኔ ብቻ ነበርን። በመጨረሻው ቀን ማታ ከገጠር ከእናቷ ጋር የመጣች አንዲት ወጣት ሊጸለይላት ወደ ፊት ወጣች። እጅ ሲጫንባት ወደቀች፤ ጮኸች፤ ሻሿ ከራሷ ወለቀ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆና ሌላ ሰው ሊሰማው የማይገባ የቤታቸውን ነገር ተናገረች። እናቷ ነጠላቸውን አውልቀው ልጃቸውን ሊሸፍኑ ሲሮጡ፣ «እናቴ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፤ ካሜራውን ጋረዱት» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ቪዲዮውን ለጠፍኩት። ርእሱንም እኔው ሰጠሁት፦ «አጋንንቱ የቤቱን ምሥጢር አወጣ!» ሰው እንደ ጉድ ተመለከተው። «ተባረክ»፣ «አሜን»፣ «ሼር አድርጉት» የሚለው አስተያየት ሲጎርፍ ወንጌል የሰበክሁ መሰለኝ።

ልጅቱ ከዚያ በኋላ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። እዚያም ቪዲዮው ቀድሟት ደረሰ። አብረዋት የሚሠሩት ስልካቸውን እያሳዩ፣ «ይህቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሏት። መስቀል ሲደርስ እንደምታውቁት አዲስ አበባ ያለ የጉራጌ ልጅ ሁሉ አገሩ ይገባል። ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን ለእናትና ለአባቱ ሲል ይገባል። እርሷ ግን አልገባችም። በዓሉ ካለፈ በኋላ እናቷ ቤቴ ድረስ መጡ። አልተቆጡም። በአገራችን ቋንቋ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ልጄን ያመጣኋት ለጌታ ነው፤ ለአንተ ስልክ አላመጣኋትም። ጌታ ፈታት። አንተ ግን አሰርካት።»

ያን ዕለት ቪዲዮውን አጠፋሁት። ግን ምን ዋጋ አለው? የማላውቃቸው ሰዎች አውርደው በየቻናላቸው መልሰው ጭነውታል። ከአንዱ ሲወርድ በሌላው ብቅ ይላል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ይህን ከመጻፌ በፊት እናትና ልጅን በስልክ ፈቃድ ጠየቅሁ። ያኔ ያልጠየቅሁትን ማለት ነው። ልጅቱም፣ «ስሜንና ቀበሌዬን አትጻፍ፤ የተናገርኩትንም አትጻፍ። ሌላውን ግን ጻፈው፤ ሌላ ሰው አይድረስበት» አለችኝ። እኔም በቃሏ ጻፍኩ።

ወገኖቼ፣ ክርክሬ ይህ ነው። የሰው ፊት፣ የሰው እንባ፣ የሰው ኑዛዜና የሰው ዝማሬ የባለቤቱ ነው። ያለ ፈቃዱ መውሰድ ስርቆት ነው። በጌታ ስም ሲደረግ ደግሞ ስርቆት ብቻ አይደለም፤ የጌታን ስም በከንቱ መጥራትም ነው።

ጀፎረና ግቢ

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጀፎረአችንን ተመልከቱ። ሰፊው የመንደር መንገድ የሁሉም ነው። ማንም ይሄድበታል፣ ጥጃ ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ለቅሶና ስብሰባ ይደረግበታል። ከጀፎረው ዳር ያለው ግቢ ግን ባለቤት አለው። የቱንም ያህል ብትቀራረቡ መዝጊያውን ገፍታችሁ ጓዳ አትገቡም። ከደጅ ቆማችሁ «ቤቶች!» ትላላችሁ፤ ትጠብቃላችሁ፤ «ግቡ» ስትባሉ ትገባላችሁ።

ወላጆቻችን ይህን ያወቁት ኢንተርኔት ሳይኖር ነው። እኛ ግን ስልክ ስለያዝን አገሩ ሁሉ ጀፎረ የሆነ መሰለን።

ጌታችን ራሱስ እንዴት ይገባል? ራእይ 3፥20ን አንብቡ። ሰማይና ምድርን የፈጠረ፣ የልብን አሳብ የሚያውቅ ጌታ በደጅ ቆሞ ያንኳኳል። ድምፁን ሰምቶ ለሚከፍትለት ይገባል እንጂ በሩን አይሰብርም። ሁሉን የሚያውቀው ፈቃድ ከጠየቀ፣ ምንም የማናውቀው እኛ ማን ነንና ነው ሰብረን የምንገባው?

ካም ስልክ ቢኖረው ኖሮ

ዘፍጥረት 9 ላይ ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ተኝቶ ሳለ ሦስት ልጆች ነበሩት። ካም አየ፤ ወጥቶም ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት እየሄዱ ሸፈኑት። ልብ በሉ፤ ካም አልዋሸም። የተናገረው እውነት ነበር። ጥፋቱ እውነቱን የማይገባው ቦታ ላይ ማውጣቱ ነው። ካም ስልክ ቢኖረው ኖሮ የሚያደርገውን እኛ እያደረግን ነው። እኔም በዚያ ማታ ካም ነበርኩ። ነጠላቸውን ይዘው የሮጡት እናት ግን ሴምና ያፌት ነበሩ። እኔ እኒያን እናት ነው «ዞር ይበሉ» ያልኳቸው።

ጌታ ኢየሱስስ ሰዎችን ሲፈውስ ምን አደረገ? ደንቆሮውን ከሕዝቡ ለይቶ ብቻውን ወሰደው (ማር. 7፥33)። ዕውሩን እጁን ይዞ ከመንደር ውጭ አወጣው (ማር. 8፥23)። የኢያኢሮስ ልጅ ወደ ተኛችበት ሲገባ የሚያለቅሰውንና የሚስቀውን ሕዝብ ሁሉ አስወጥቶ አባቷን፣ እናቷንና ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ብቻ አስቀረ። ከተነሣች በኋላም ማንም እንዳያውቅ አጥብቆ አዘዘ፤ የሚበላም እንዲሰጧት አለ (ማር. 5፥37-43)። ሙት ያስነሣ ጌታ ነው እንዲህ ያደረገው። እኛ ብንሆን ኖሮ «ሙት ሲነሣ በቀጥታ ይከታተሉ» ብለን ሳምንቱን በሙሉ ማስታወቂያ እንለጥፍ ነበር።

ለመንግሥት የምንጠይቀውን ለምእመን እንከልክለው?

እኛ ወንጌላውያን ስለ ነጻነት ብዙ እንናገራለን፤ ታሪካችንም ያስገድደናል። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋና መሪዎቿን ሲያስር ምእመኑ ወደየቤቱ ገባ። ጥቂት ጥቂት እየሆነ፣ በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጸለየ። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው ምእመን ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆኖ ወጣ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ያደገችው በመድረክ ሳይሆን በጓዳ ነው። በዚያ ዘመን «በዚያ ቤት ማን ማን ነበር? ምን አሉ?» ብሎ የሚጠይቀው ካድሬ ነበር። ያንን የሚነግረው ወንድም ደግሞ ከሃዲ ይባል ነበር። ካድሬው ለማወቅ ስንት የደከመበትን ዛሬ እኛው በነጻ፣ በስምና በመልክ እየለጠፍን ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነጻነትን የሚደነግገውን አንቀጽ 27 ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቃለን። ችግር ሲገጥመን ለወረዳም ለቀበሌም እንጠቅሰዋለን፤ መጥቀሳችንም ተገቢ ነው። ግን ከእርሱ አንድ ቁጥር ቀድሞ ያለውን አንቀጽ 26ን ስንቶቻችን አንብበነዋል? እርሱ የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብት ነው። መኖሪያ ቤትን፣ ደብዳቤን፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትን ያካትታል። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን የተቀመጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ለራሳችን 27ን እየጠየቅን 26ን ከምእመናችን ልንነጥቅ አንችልም።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ሲገደቡ አስታውሱ። አምስት ወር ያህል በቪፒኤን ነበር የምንገባው። «ማን ሥልጣን ሰጣቸው? ነጻነታችን ተነካ!» ብለን አዘንን፤ እኔም አዝኛለሁ። ግን እዚያው ቪፒኤን ከፍተን የገባነው ምን ልንለጥፍ ነበር? የአንዲት ልጅ ለቅሶ። መንግሥት የእኛን አፍ ሲዘጋ ነጻነት ያልነው ነገር፣ እኛ የሌላውን ጓዳ ስንከፍት ስሙ ምንድን ነው?

ሕጉም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ከልክሏል። ይህ ሕግ ዩቲዩብ ከመፈጠሩ 45 ዓመት ይቀድማል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤናና የሃይማኖት ጉዳይን የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹ የግል መረጃዎች ጋር ቈጥሯቸዋል። የጸሎት ርእስ ብለን በቴሌግራም ግሩፕ የምንለጥፈው ምንድን ነው? «እኅት እገሊት እንዲህ ያለ በሽታ ተገኝቶባታል፤ ጸልዩላት።» ስሟ፣ በሽታዋና እምነቷ በአንድ መስመር! አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ያ ሁሉ ሰው ይጸልይ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም ማንበቡን ግን አልጠራጠርም።

የሚቀርቡ ምክንያቶች

ይህን ስናገር የሚመልሱልኝን አውቃለሁ፤ እኔም እል የነበረው ነው።

«የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። ወንድሜ፣ አንተ ስትታጠብ በር የምትዘጋው ኃጢአት እየሠራህ ስለሆነ ነው? ጌታ ስትጸልዩ ጓዳ ግቡ፣ መዝጊያውንም ዝጉ ያለው ጸሎት ወንጀል ስለሆነ ነው? (ማቴ. 6፥6) ጓዳ የኃጢአት መደበቂያ ብቻ አይደለም። ነፍስ ከአባቷ ጋር የምትገናኝበትም ቦታ ነው። ጓዳ የሌለው ሰው በሰው ፊት የሚጸልይ ተዋናይ ይሆናል።

«የተደረገው በአደባባይ ነው፤ ጉባኤ ላይ ነው» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአደባባይ ለሚደረጉ ሥነ ሥርዓቶች የተለየ ቦታ ይሰጣል። የጉባኤውን ሕዝብ፣ ሰባኪውን፣ መዘምራኑን ከሩቅ መቅረጽ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ሊጸለይላት የወጣች ሴት የወጣችው ለሥነ ሥርዓት አይደለም፤ ጨንቋት ነው። ሐኪም ቤትም ብዙ ሰው ይገባል፤ ታዲያ የሕመምተኛ ቁስል ይቀረጻል? በተጨማሪም እኛ የምንመራው «ሕጉ እስከ የት ይፈቅድልኛል?» በሚል ጥያቄ አይደለም። ፍቅር የሚጠይቀው «ወንድሜን ይጎዳዋል ወይ?» ብሎ ነው።

«ምሥክርነት እኮ ነው፤ ብዙ ነፍሳት ይድኑበታል» ይላሉ። ይህ ከባዱ ነው፤ ቅን ልብ ያላቸው ሁሉ የሚሉት ይህን ነውና። መልሱን በማርቆስ 5 ውስጥ እናገኘዋለን። ሌጌዎን የነበረበት ሰው ከዳነ በኋላ ጌታ ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲናገር አዘዘው። ማንን አዘዘ? ራሱን ሰውዬውን። መቼ? ለብሶ፣ ወደ ልቡ ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ። ሰውዬውም በዐሥር ከተማ ሰበከ። ደቀ መዛሙርቱ በመቃብር መካከል ራሱን በድንጋይ ሲቧጭር ያለውን መልክ ይዘው አልዞሩም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደም ይፈስሳት የነበረችውም ሴት እውነቱን በሕዝብ ፊት የተናገረችው ራሷ ነች፤ ወንጌላዊውም ታሪኳን ሲጽፍ ስሟን አልጻፈም። እንግዲህ ምሥክርነት የመስካሪው ነው። ሌላ ሰው ሲወስድበት ወሬ ይሆናል።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ሁልጊዜ የምናስበው ስለ ነፍሳት ነው? ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከሚያስቀምጣቸው መስፈርቶች መካከል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይገኙበታል። ጸጥ ያለ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ወደዚያ ቶሎ አያደርስም። የሚጮኽ፣ የሚወድቅ፣ ምሥጢር የሚያወጣ ሰው ግን ያደርሳል። ስለዚህ ካሜራው ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ ተወስኗል። ባልንጀራችን ለእኛ የእይታ ሰዓት ሆኗል።

ዝማሬውም እንዲሁ

ያቺን ልጅ ያለ ፈቃዷ የቀረጸ እጅ በዚያ አላበቃም። የሰው ዝማሬም ያው እጅ ይወስዳል።

አንድ የወጣት መዘምራን ቡድን ዝማሬ ለማስቀረጽ እንዴት እንደሚለፋ ታውቃላችሁ። ለወራት ያዋጣል፤ ከዚህ ተነሥቶ ወልቂጤ ወይም አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ ለስቱዲዮ፣ ለአቀናባሪ፣ ለትራንስፖርት ይከፍላል። ዝማሬው በወጣ በማግሥቱ ሌላው አውርዶ፣ የአበባ ፎቶ ለጥፎበት፣ በራሱ ቻናል ይጭነዋል። የዘማሪው ስም የለም፤ «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለው ግን አለ። ሲጠየቅም ማቴዎስ 10፥8ን ያነሣል፤ በነጻ ተቀብላችኋል፣ በነጻ ስጡ ይላል። እውነት ነው። ግን ያ ቃል የተነገረው ለተቀበለውና ለሚሰጠው ለራሱ ነው። ዘማሪው በነጻ መስጠት ይችላል፤ አንተ ግን የእርሱን በነጻ ወስደህ በማስታወቂያ ስትሸጠው ልግስና አይባልም።

ዳዊት የኦርናን አውድማ በነጻ ሲሰጠው እንቢ አለ። ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብ አልፈለገም (2ኛ ሳሙ. 24፥24)። ኦርና እየሰጠው እንኳ ዳዊት ከፈለ። እኛ ሳይሰጡን እንወስዳለን፤ ወስደንም «ለጌታ ክብር» ብለን እንጽፍበታለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራውን አመንጪ በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ዓለም «የሥራው ባለቤት አለው» ሲል ቤተ ክርስቲያን «ባለቤት የለውም» ካለች ብርሃን የቱ ነው?

አንዳንድ አባቶች፣ «በደርግ ጊዜ እኮ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየገለበጥን ነው ያደግነው» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ያ ባይሆን ብዙ ዝማሬ ጠፍቶ ነበር። ግን ልዩነቱን እዩት። ያኔ የሚገለብጠው ሰው እስር እየተጋፈጠ ነበር፤ ዘማሪውም ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ከካሴቱ የሚለቀም ትርፍም አልነበረም። የዛሬው ገልባጭ ምን ተጋፈጠ? ዝማሬውን በጉባኤ ዘምሩት፣ በየቤታችሁ አንጎራጉሩት፣ የዘማሪውን ሊንክ ለወዳጅ ላኩ። ቻናላችሁ ላይ ለመጫን ግን «ቤቶች!» በሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለሽማግሌዎች፣ ለመጋቢዎችና ለሚዲያ አገልጋዮች በትሕትና የማቀርበው ይህን ነው።

1. ለሰው በግል ሲጸለይ ካሜራ ይጥፋ። ወደ ጎን ይዙር ሳይሆን ይጥፋ።

2. ምሥክርነት የሚሰጥ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፤ ከመቀረጹ በፊትና ከመለጠፉ በፊት። የተጨነቀ ወይም ራሱን ያልገዛ ሰው «እሺ» ቢል ፈቃድ አይደለም። ረጋ ብሎ፣ ቤቱ አድሮ ይጠየቅ።

3. የሕፃናት ለቅሶና ሕመም ፈጽሞ አይለጠፍ። ሲያድጉ የሚወቅሱን እነርሱ ናቸው።

4. የጸሎት ርእስ በግሩፕ ሲላክ ስምና በሽታ አይጻፍ። እግዚአብሔር «አንዲት እኅት» ስንለው ማን እንደሆነች ያውቃል።

5. ማንም «አውርዱልኝ» ቢል ምክንያት ሳይጠየቅ በዚያው ቀን ይውረድ። ሌላ ሰው ለጭኖባችሁ ከሆነም ዩቲዩብ ላይ የግል ሕይወት ተጥሷል ብላችሁ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ የምታቀርቡት ደግሞ ባለጉዳዮቹ ራሳችሁ ናችሁ።

6. የሰው ዝማሬ በጽሑፍ ፈቃድ፣ በባለቤቱ ስም፣ ገቢ ካለም ከድርሻው ጋር ይጫን።

ገና ወደ ጌታ ያልመጣችሁና ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ ምናልባት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳትመጡ ያስፈራችሁ ይህ ሊሆን ይችላል። «ብሄድ ይቀርጹኛል፤ ጉዴን አገር ያየዋል» ብላችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። ግን ስለ እኛ ብላችሁ እርሱን አትሽሹ። እርሱ ከሕዝቡ ለይቶ፣ እጃችሁን ይዞ፣ ከመንደር ወጣ አድርጎ የሚያናግር ጌታ ነው። የነገራችሁትንም ለማንም አይለጥፍም።

ዘንድሮም መስቀል ይደርሳል። መኪኖች ከአዲስ አበባ እየሞሉ ወደ ጉንችሬ ይገባሉ። እኒያ እናት ጀፎረው ላይ ወጥተው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ልጃቸው ብትመጣ እኔ ደጃቸው ሄጄ «ቤቶች!» እላለሁ፤ «ግባ» ካሉኝ ገብቼ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ካላሉኝም ከደጅ እመለሳለሁ። ግቢው የእነርሱ ነው።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በደጅ ቆመህ የምታንኳኳ አንተን እያመለክን የሰው በር የሰበርንበትን ጊዜ ይቅር በለን። የወንድማችንን ራቁትነት የምንሸፍንበት ልብስ በጫንቃችን ላይ አኑር። በእኛ ምክንያት ከቤታቸው የራቁትን አንተ በሰላም መልሳቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።